መልሶ የተጠራ አዲስ ቼይንሶ፦ መጠበቅ፣ ገንዘብ ማስመለስ፣ እዚሁ ማስጠገን ወይስ ሌላ መያዝ?

አዲስ የባለሙያ ቼይንሶ (በሞተር የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ) ገዝቶ ሁለተኛውን ሰንሰለት ሳይጨርስ አምራቹ ሞዴሉን መልሶ እንደ ጠራው የሚሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ «የእኔው እኮ በደንብ ይሠራል» ይላል። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አምራች አንድን ሞዴል መልሶ የሚጠራው እያንዳንዱ ማሽን ስለ ተበላሸ ሳይሆን፣ በአንድ የምርት ዙር ከወጡት መካከል የትኛው እንደሚበላሽ ከውጭ አይቶ መለየት ስለማይቻል ነው። ጤነኛው ማሽንና ነገ የሚሰነጠቀው ማሽን ዛሬ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ።

ከሐዋሳ እስከ ወንዶ ገነት፣ ከሻሸመኔ እስከ ይርጋለምና ሁላ ባለው አካባቢ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ ቆርጦ የሚያድር ሰው እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሰው አራት መንገዶች ይቀርቡለታል። አንደኛው ማሽኑን አቁሞ የአምራቹን ነፃ ጥገና መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ለሻጩ መልሶ ገንዘቡን ወይም ሌላ ሞዴል መቀበል ነው፤ ሦስተኛው እዚሁ ከተማ በሚያውቀው መካኒክ ማስጠገን ነው፤ አራተኛው ማሽኑን አስቀምጦ ሌላ መከራየት ወይም ያገለገለ መግዛት ነው። ለማያውቅ ሰው ሸጦ መገላገል የሚባል አምስተኛ መንገድም አለ፤ እርሱን ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ። ጉዳቱ በሌላ ሰው እጅ ላይ ስለ ደረሰ ከሻጩ ኅሊና አይወርድም፤ ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭም በሕግ ፊት ተጠያቂ ነው።

አብዛኛው ሰው ምርጫውን ከዋጋ ይጀምራል። እኔ የማምንበት ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው፦ ጉድለቱ የትኛው የማሽኑ ክፍል ላይ እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል፤ ማሽኑ በምን መንገድ እጅ እንደ ገባ ማየት ይከተላል፤ ዋጋ ሦስተኛ ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ ጥያቄዎች በትክክል ከተመለሱ ከአራቱ መንገዶች ቢያንስ ሁለቱ ያለ ብዙ ክርክር ይዘጋሉ።

ማስታወቂያው በእርግጥ ይህን ማሽን ይመለከታል?

ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ወሬ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ያደርጋቸዋል። የመጀመሪያው አምራቹ በገዢዎች እጅ ያለውን ማሽን ጭምር መልሶ የሚጠራበት ጥሪ ነው፤ ይህ ሲሆን መልእክቱ «መጠቀም አቁሙ» የሚል ነው። ሁለተኛው ገና ያልተሸጡት በየመደብሩ እንዲቆዩ የሚያዝ የሽያጭ ማቆሚያ ትእዛዝ ነው። ሦስተኛው ለወኪሎች ብቻ የሚላክ የጥገና መመሪያ ሲሆን፣ ማሽኑ ለሌላ ጉዳይ ወኪሉ ዘንድ ሲመጣ አንድ ዕቃ በአዲስ እንዲተካ የሚያሳስብ ነው። በሦስተኛው ምክንያት ሥራ የሚያቆም ሰው በከንቱ ይከስራል፤ የመጀመሪያውን እንደ ሦስተኛው ቆጥሮ ሥራውን የሚቀጥል ደግሞ በሰውነቱ ይወራረዳል።

ልዩነቱን ለማወቅ ማስታወቂያውን ራሱን ማንበብ ያስፈልጋል። አምራቾች በድረ ገጻቸው ያወጡታል፤ በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሴፍቲ ጌት የተባለው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ለማንም ክፍት አድርገው ያሳትሙታል። ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን የመለያ ቁጥሮችን መነሻና መድረሻ ይገልጻል። ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ወይም በብረት ሰሌዳ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ፣ በስልክ ፎቶግራፍ አንስቶ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥሩ በወሰኑ ውስጥ ካልወደቀ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

እዚህ ላይ የእኛን ገበያ የሚመለከት አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይላል። በመናኸሪያ አካባቢም ሆነ በሌሎች የዕቃ መሸጫዎች የታዋቂ አምራቾችን ቀለምና ስም የለበሱ፣ ግን ሌላ ቦታ የተመሳሰሉ ማሽኖች በብዛት ይሸጣሉ። የመለያ ቁጥራቸው በወሰኑ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ጥሪው አይመለከታቸውም፤ አምራቹም አይቀበላቸውም። ይህ ማለት ግን ከጉድለቱ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም፤ ጉድለታቸውን የሚመረምርና የሚጠራቸው ባለቤት የላቸውም ማለት ነው። አዲስ የባለሙያ ሞዴል ነው ተብሎ የተሸጠ ማሽን ከወኪሉ ዋጋ በግማሽ የተገዛ ከሆነ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይኸው ጉዳይ ነው።

ምርጫውን የሚወስነው የተበላሸው ክፍል ነው

የባለሙያ ቼይንሶ በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 13,000 እና ከዚያ በላይ ይዞራል። ይህ በሴኮንድ ከ200 ዙር በላይ ነው። ሰንሰለቱ በሴኮንድ 25 ሜትር ገደማ ሲሮጥ፣ በመኪና አቆጣጠር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እንዲህ በሚዞር ማሽን ላይ የሚገኝ ጉድለት ሁሉ እኩል አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው የቮላኖ መሰንጠቅ ነው። ቮላኖው በማስነሻ ገመዱ በኩል የሚገኝ፣ ማግኔት የተሸከመና በክንፎቹ አየር እየነፋ ሲሊንደሩን የሚያቀዘቅዝ ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ጎማ መሰል ክፍል ነው። በቀለጣው ጊዜ ቀዳዳ ወይም የቀጭን ፀጉር ያህል ስንጥቅ ከቀረበት፣ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ተበትኖ የፕላስቲክ ሽፋኑን በስቶ ሊወጣ ይችላል፤ ሽፋኑ ያለው ደግሞ በቆራጩ ሰውነት አጠገብ ነው። ማሽኑ አስቀድሞ ምንም ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ የቮላኖ ጥሪ ሲሆን «ቀስ ብዬ እሠራበታለሁ» የሚባል ነገር የለም። ከአራቱ መንገዶች ሦስተኛው፣ የሰፈር መካኒክ፣ ወዲያው ይዘጋል። ቮላኖ የሚወጣው በመንቀያ መሣሪያ ነው፤ በመዶሻ ከተመታ ጤነኛውም ይሰነጠቃል። ሲመለስም በአምራቹ በተወሰነ ጥብቀት መታሰር አለበት፤ ከላላ ልኩን የሚይዘው ቁልፍ ተበልቶ የእሳት መስጫው ጊዜ ይዛባል። ከዚህ በላይ ደግሞ የሚተካው ዕቃ ከተጠራው ዙር ያልወጣ መሆኑን ማረጋገጥ የሚችለው ወኪሉ ብቻ ነው። በመለዋወጫ መደብር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቮላኖ ከየትኛው ወር ምርት እንደሆነ ነጋዴውም አያውቅ።

የሰንሰለት ፍሬን ጉድለት ሁለተኛውን ደረጃ ይይዛል። ሰንሰለቱ የሚሮጥበት ረጅም ብረት፣ የባሩ፣ አፍንጫ የላይኛው ጫፍ እንጨት ሲነካ ማሽኑ ወደ ቆራጩ ፊት ይወረወራል፤ ይህ የሚሆነው ሰው እጁን አንስቶ ራሱን ከሚከላከልበት ጊዜ በፈጠነ ቅጽበት ነው። ፍሬኑ የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው። በዕለት ሥራ ላይ ፍሬኑ ባይሠራም ማሽኑ ይቆርጣል፤ ብዙ ሰው ጉድለቱን የሚንቀውም ለዚህ ነው። ስለ መፍትሔው ሲታሰብ ግን አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። በሁስክቫርና ሥሪቶች ላይ የፍሬኑ ቀበቶ በአብዛኛው የሚገኘው በሚፈታው የጎን ክዳን ውስጥ ነው፤ በስቲል ሥሪቶች ላይ ደግሞ በማሽኑ አካል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ወኪሉ ከፈቀደ ክዳኑን ብቻ ልኮ አዲስ ክዳን መቀበል ይቻል ይሆናል፤ በሁለተኛው ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መሄድ አለበት። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስጉዝ ሰው ይህ ልዩነት በጉዞ ክፍያም በቀናትም ይታወቀዋል።

የነዳጅ ጉድለት፣ ማለትም የሚያፈስ ክዳን፣ የሚሰነጠቅ ቱቦ ወይም በስፌቱ የሚያልብ ሰልባትዮ፣ ለእኔ በመካከል ይቀመጣል። አደጋው እሳት ስለሆነ ቀላል አይደለም፤ ቤንዚን ትኩስ ማርሚታ ላይ ሲንጠባጠብ ውጤቱን ማንም ይገምታል። ሆኖም ጉድለቱ በዓይን ይታያል፣ በአፍንጫም ይሸታል፤ የሚተካው ዕቃም ትንሽ ነው። ስቲል ከዓመታት በፊት በአሜሪካ ቼይንሶዎችን ጨምሮ በርካታ የቤንዚን መሣሪያዎቹን መልሶ የጠራው በነዳጅ ክዳን ምክንያት ነበር፤ በአንዳንድ ነዳጆች ውስጥ የሚጨመሩ ንጥረ ነገሮች ክዳኑን እያጣመሙት ነዳጅ ሊፈስ ይችል ነበር። እንዲህ ያለው ጥሪ ሲመጣ ትክክለኛው ክዳን ከወኪሉ በፖስታ ወይም በመንገደኛ ከመጣ፣ የሐዋሳ መካኒክ ይቅርና ባለ ማሽኑ ራሱ ይቀይረዋል። ሦስተኛው መንገድ ያለ ስጋት የሚመረጠው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ሁኔታውም አንድ ነው፤ ዕቃው ከአምራቹ የመጣ መሆኑ።

የማጥፊያ ማብሪያና የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት በቀላሉ የሚታይ አይመስልም፤ ግን የታወቀ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሀርበር ፍሬት የተባለው የአሜሪካ ቸርቻሪ ከ1 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ቼይንሶዎችን የጠራው፣ ማብሪያው ወደ ማጥፊያ ከተመለሰ በኋላም ማሽኑ መዞሩን ሊቀጥል ይችል ስለነበር ነው። በአዳዲሶቹ የባለሙያ የቤንዚን ሞዴሎች ላይ ደግሞ ነዳጅና አየርን የሚመጥነው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። ስቲል ኤምኤስ 500 አይ እንዲያውም ካርቡራተር የሚባል ነገር የለውም፤ ነዳጁ የሚረጨው በኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ ነው። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ በካቻቢቴ የሚስተካከል ነገር ስለሌለ፣ የአምራቹ መመርመሪያ የሌለው መካኒክ የቱንም ያህል እጀ ብልህ ቢሆን ሊረዳ አይችልም።

መጠበቅ ወይስ ማስመለስ?

ሁለተኛው ጥያቄ ማሽኑ እጅ የገባበት መንገድ ነው። በአገር ውስጥ ካለ ሕጋዊ ወኪል በደረሰኝ የተገዛ ማሽን መጠበቅንም ማስመለስንም ይፈቅዳል። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ፣ ዘመድ ከውጭ የላከው ወይም ያለ ደረሰኝ ከነጋዴ የተገዛ ማሽን ግን ማስመለስን በተግባር ይዘጋል፤ ነፃ ጥገናን ግን ሁልጊዜ አይዘጋም። አምራቾች የደኅንነት ጥሪን ከተራው ዋስትና ለይተው ያያሉ፤ ዋስትናው የገዢውንና የሻጩን ውል የሚከተል ሲሆን የደኅንነት ጥሪ የሚከተለው በአብዛኛው መለያ ቁጥሩን ነው። ስለዚህ ደረሰኝ የለኝም ብሎ ተስፋ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት መለያ ቁጥሩን ይዞ ወኪሉን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ከነጋዴ ላይ በእምነት የገዛሁትን ማሽን ደረሰኝ ሳልቀበል ወስጄ፣ በኋላ ሻጩ «ከእኔ አልገዛህም» ሲለኝ የምመልሰው ቃል አጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ብሎን ስገዛም ደረሰኝ እጠይቃለሁ፤ ሰዎች ይስቁብኛል።

እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የምርት ደኅንነት ደንብ፣ ለሸማች የቀረበ ምርት መልሶ ሲጠራ ከጥገና፣ ከመተካትና ከገንዘብ መመለስ ቢያንስ ሁለቱ ለገዢው እንዲቀርቡለት ያዝዛል። ይህን አንብቦ ሐዋሳ ላይ ተመሳሳይ ምርጫ የሚጠብቅ ሰው ሊያዝን ይችላል፤ ደንቡ የሚሠራው እዚያው ነው። እዚህ ያለው መሠረት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ የደነገገው ነው። በሕጉ መሠረት ገዢ የገዛውን ዕቃ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ አቤቱታውንም ማስታወቂያውን በሰጠ በ1 ዓመት ውስጥ ካላቀረበ መብቱን ሊያጣ ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ፤ ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው እንጂ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛን ስላልሆነ፣ እንጨት ቆርጦ የሚያድር ሰው በዚህ ላይ ብቻ ከተደገፈ ክርክር ሊነሣበት ይችላል። ዋናው ነገር ለሻጩ የሚሰጠው ማስታወቂያ በጽሑፍ መሆኑ፣ ቀን መያዙና ቅጂው መቀመጡ ነው። በስልክ የተነገረ ነገር ነፋስ ይወስደዋል።

ሁለቱም መንገዶች ክፍት ከሆኑ እኔ የማደላው ወደ ጥገናው ነው፤ ምክንያቴም ለአምራቹ ካለኝ ፍቅር የተነሣ አይደለም። አዲሱ ሞዴል መጀመሪያውኑ የተገዛው ቀላል ስለሆነ፣ ነዳጅ ስለሚቆጥብና ራሱን ስለሚያስተካክል ነው። የተጠራው ክፍል ሲተካ እነዚህ ጥቅሞች እንዳሉ ይቀራሉ፤ ገንዘቡ ሲመለስ ግን በዋጋ ንረት ምክንያት በዚያው ብር ያንኑ ማሽን መግዛት የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ማስመለስ የሚሻለው በሁለት ሁኔታዎች ነው፦ ወኪሉ የሚተካው ዕቃ መቼ እንደሚገባ ቀን ቆርጦ ለመናገር ካልቻለ፣ ወይም ሞዴሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ከተጠራ።

ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ሞዴል በለውጥ ከቀረበ ደግሞ የሞተሩን መጠን ብቻ ማየት ያሳስታል። ለምሳሌ ሁስክቫርና 372 ኤክስፒ 70.7 ሲሲ፣ ስቲል ኤምኤስ 381 ደግሞ 72.2 ሲሲ ናቸው፤ በወረቀት ላይ እኩዮች ይመስላሉ። ነገር ግን የአንዱ ባር በሌላው ላይ እንዳለ አይገጥምም፤ የሰንሰለቱ ውፍረትም በአንዱ ዘንድ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው ዘንድ 1.6 ሚሊ ሜትር የመሆን ልማድ አለው። ቤቱ አራት ባርና አሥር ሰንሰለት ያከማቸ ሰው የአምራች ስም ሲቀይር ይህ ሁሉ ብረት ብቻ ይሆንበታል። ለውጥ ሲቀርብ ከዚያው አምራች የቀድሞ ሞዴል መጠየቅ ብልህነት ነው።

የቀድሞውን ሞዴል የሚቀበል ሰው በእጅ ከሚስተካከል ካርቡራተር ጋር እንደገና እንደሚገናኝ ማወቅ አለበት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ሁላ ሲወጣ ከፍታው ከ2,600 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ሎካ አባያ ሲወረድ ደግሞ ቆላው ይቀበላል። አየር በሳሳ ቁጥር ነዳጁ ይበዛል፣ ማሽኑም ይጨስና ይደክማል፤ ሁላ ላይ ጆሮን ተማምኖ ነዳጁን የቀነሰ ሰው በማግስቱ ቆላ ወርዶ ሳያስተካክል ከሠራ፣ ነዳጅ ስለሚያንሰው ፒስቶኑ ሞቆ ሲሊንደሩን ይይዛል። በኤሌክትሮኒክስ የሚመጠነው አዲሱ ሞዴል ይህን ችግር በራሱ ይፈታው ነበር። በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው በለውጡ የሚያጣው ብዙ አይደለም፤ ደጋና ቆላ እየተመላለሰ የሚሠራ ግን ዋጋ ቢጨምርበትም የተጠገነውን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

በመጠበቂያው ጊዜ፦ ኪራይ ወይስ ያገለገለ?

ይህኛው ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ያስገባበት። የኪራዩ ዋጋ በቀን 700 ብር፣ ያገለገለ ጥሩ ማሽን 60,000 ብር ነው እንበል፤ አዲሱ ተጠግኖ ሲመለስ ያገለገለውን በ45,000 ብር መሸጥ ይቻላል ብለን እንገምት። ያገለገለው ያስከፈለው 15,000 ብር ነው፤ ይህን ለ700 ስናካፍለው ከ21 የሥራ ቀን ጥቂት ይበልጣል። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ሰው ከአራት ሳምንት በላይ ይጠብቃል ከተባለ መግዛት፣ ከዚያ በታች ከሆነ መከራየት ያዋጣዋል። በክረምቱ፣ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ ሥራው በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ሲወርድ፣ ያው 21 ቀን ወደ ሁለት ወር ተኩል ይጠጋል፤ ስለዚህ በክረምት የተጠራ ማሽን ያለው ሰው ለመግዛት አይቸኩል።

በሒሳቡ ውስጥ የማይገባው ያገለገለው ማሽን ጤንነት ነው። ከመክፈል በፊት ማርሚታውን አስፈትቶ በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስቶኑን በባትሪ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ በቁመቱ የተጫረ ፒስቶን ያለው ማሽን በግማሽ ዋጋም ውድ ነው። ማሽኑ ተነሥቶ ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ሰንሰለቱ መዞር የለበትም፤ ከዞረ ፍሪሲዮኑ አርጅቷል ወይም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ከልኩ በላይ ፈጥኖ እንዲዞር ተደርጓል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያገለገለው ማሽን ራሱ በሌላ ጥሪ ውስጥ አለመኖሩን በመለያ ቁጥሩ ማመሳከር ነው። ይህን ረስቶ ከአንዱ ጥሪ ወጥቶ ሌላው ውስጥ የገባ ሰው አውቃለሁ።

የባትሪ ቼይንሶ እንደ መሸጋገሪያ ይነሣል። ለግቢ ዛፍ ቅርንጫፍ መቁረጫ ይበቃል፤ ጣውላ ለሚሰነጥቅ ሰው አይሆንም።

ማሽኑን ሲልኩና ሲቀበሉ

የሕዝብ ማመላለሻ ቤንዚን ያለበት ዕቃ መጫን የለበትም፤ ስለዚህ ሰልባትዮው ባዶ መሆን አለበት። በተለምዶ ነዳጁን ከቀዱ በኋላ ካርቡራተሩ እስኪደርቅ ሞተሩን አስነሥቶ ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው፤ ጥሪው የቮላኖ ከሆነ ግን ይህ ልማድ ራሱ አደጋ ነው። በዚያን ጊዜ ማሽኑን ዘቅዝቆ ማፍሰስና ክዳኑን ከፍቶ አየር በሚገባበት ቦታ ማሳደር ይበቃል። ባሩና ሰንሰለቱ ቤት ይቅሩ፤ ወኪሉ ካልጠየቃቸው ሄደው የሚጠፉ ዕቃዎች ናቸው። ከማሸጉ በፊት ማሽኑ በአራቱም ጎን፣ መለያ ቁጥሩ ደግሞ ለብቻው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ተቀባዩም የመረከቢያ ወረቀት ላይ ቁጥሩን ጽፎ እንዲፈርም ይደረግ።

ማሽኑ ሲመለስ ጥገናው ነፃ ነበር ተብሎ ያለ ወረቀት መውሰድ አይገባም። የተተካው ዕቃ ስምና የዕቃ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ቀን፣ እንዲሁም መለያ ቁጥሩ ከጥሪው መዘጋቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ነገ ይህንኑ ማሽን መሸጥ የሚፈልግ ሰው ዋጋው የሚጠበቅለት በዚህ ወረቀት ነው። ከዚያ ባሩንና ሰንሰለቱን ገጥሞ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ተቀላቅሎበት፣ ማሽኑ መሬት ላይ ሆኖ ይነሣል። ፍሬኑ ታስሮ ሳለ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም፤ ፍሬኑ ተለቆ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በዝግታ ሲዞርም እንዲሁ። በመጨረሻ በመካከለኛ ፍጥነት እየዞረ የግራ እጅ አንጓ የፊቱን መከላከያ ሲገፋው ሰንሰለቱ ወዲያው ቀጥ ማለት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ማሽኑ ወደ ካርቶኑ ይመለስ፤ ቀደም ሲል የተፈረመው ወረቀትም ያን ጊዜ ይፈለጋል።